በአንድ እግሩ የቆመው ሰው

ጅማ፣ ጊንጆ
ኅዳር 6 ቀን 1987 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለሰሎሜ፤

እንደምን ከርመሻል? ያሳደገሽ አምላክ በሰው አገር ከብርዱም ከሰዉም ይጠብቅሽ። እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ደብዳቤ የሚጀመረው እንደዚያ ነውና። ግን ከአንቺ ምን እደብቃለሁ፣ ደህና አይደለሁም። ጋሼሽ ለይኩንም ደህና አይደለም።

መጀመሪያ ስለ ዕቃው ልንገርሽ። ለዕረፍት ከዚያ የመጣችው ጓደኛሽ ንግስት ሁሉንም አምጥታ ሰጥታኛለች። ሹራቡ ልኬ ነው፣ ተባረኪ። ካርታውን ግን ምን ነካሽ ልጄ? ባለፈው ደብዳቤሽ «የማስታምማት ሲኞራ የሰው ዕድል ለማንበብ ካርታ ትጥላለች፣ እኔንም እያስተማረችኝ ነው» ያልሽውን ስቄ ነበር ያለፍኩት። አሁን ደግሞ ከነአጣጣሉ ጽፈሽ ትልኪልኛለሽ። የንስሐ አባቴ ቢያዩት ቀኖናው እስከ ፋሲካ አይለቀኝም። ቁም ሣጥን ውስጥ ከአንሶላው ሥር ደበቅኩት። ደብቄ ግን አልተውኩትም፤ ምክንያቱን አሁን እነግርሻለሁ።

ጋሼሽ ከሰቃ እስከ አጋሮ ቡና ሲገዛ ያልረገጠው መንገድ እንደሌለ ታውቂያለሽ። አሁን ጉልበቱ ስለደከመ እዚሁ ጅማ መርካቶ አንድ ነጋዴ መጋዘን ውስጥ ተቀምጦ ጆንያ ይቆጣጠራል። እዚያ ምስማር ረገጠ። መርገጡን አላወቀም። ሲመጣ ጫማውን ሳወልቅለት ካልሲው በደም ከእግሩ ጋር ተጣብቋል። «አላመመህም?» ስለው «ምኑ?» አለኝ። ለካ ስኳሩ እግሩን አደንዝዞታል። ከዚያ የግራ እግሩ አውራ ጣትና አጠገቧ ያለችው ጠቆሩ። ሐኪሙ «ሁለቱን ጣት አሁን እናንሳቸው፣ ካልሆነ ወደ ላይ ይሄዳል። ተመካክራችሁ ቶሎ ኑ» አለን።

ጋሼሽ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ቆንጂት የምትወስነውን» አለ። ይኸን ሁሉ ዘመን በትዳር ስንኖር በግ ሲገዛ እንኳ ምረጪ ብሎኝ አያውቅም። ዛሬ እግሬን ምረጪልኝ ይለኛል። እኔ ሐኪም አይደለሁ፣ ነቢይ አይደለሁ። ባስቆርጠው እግሩን የቆረጥኩት እኔ፣ ባላስቆርጠው የገደልኩት እኔ ልሆን ነው። እንቅልፍ የሚባል ነገር ጠፍቶኛል።

በዚህ መሐል ካርታሽ ትዝ አለኝ። ጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊት ተቀመጥን። እንዳልሽው «ይቆረጥ ወይስ አይቆረጥ» የሚለውን በልቤ ይዤ በወዝኩ፣ እንደ ወጉ ወደሱ እያዞርኩ ሁለት ካርታ አስቀመጥኩለት። የመጀመሪያው ጎረምሳ ነው። ቀጥ ብሎ በአንድ እግሩ እንጨት ላይ ቆሟል፣ ሌላውን እግሩን አጥፎታል፣ እጆቹ ወደ ኋላ ናቸው። ፊቱ የሚያመው ሰው ፊት አይደለም። የፈረንጁ ጽሑፍ ከራሱ በላይ ነው። ሁለተኛዋ ጸሐይ ናት፣ እሷ ግን ተገልብጣ ልጆቹ ተዘቅዝቀዋል። ጎረቤቴ መድና በር ላይ ቆማ «ያ ረቢ፣ ቆንጂ፣ ይኼ እኮ ሐራም ነው» አለችና ገብታ ተቀመጠች። ቆይታ ደግሞ «እና ምን አለ?» ብላ የጠየቀችኝ እሷው ናት።

በአንድ እግር መቆሙ ምን ማለት ነው? ሲኞራዋን ጠይቂልኝና ቶሎ ጻፊልኝ። አደራሽን።

አክስትሽ ቆንጂት


ቶሪኖ
ታኅሣሥ 12 ቀን 1987 ዓ.ም.

ለማከብርዎት እትዬ ቆንጂት፤

የአምላክ ሰላም ከቤትዎ አይጥፋ። ደብዳቤዎ በእጄ ከገባ ጀምሮ ሥራ መሥራት አቅቶኝ ሰንብቻለሁ። ጋሼን በዓይነ ሕሊናዬ የማያቸው ሁልጊዜ በእግራቸው ሲሄዱ ነው። ልጅ ሆኜ ወደ ሰቃ ሲወስዱኝ ሮጬ እንኳ አልደርስባቸውም ነበር። እግዚአብሔር ይማራቸው።

ካርታውን የላክሁት ለጨዋታ ነበር፣ ይመኑኝ። ለእንዲህ ያለ ነገር ይሆናል ብዬ አላሰብኩም። ቢሆንም ጠይቂ ስላሉኝ ጠየቅኩ። ሲኞራ አእምሮዋ የሚበራው ጠዋት ጠዋት ነው፤ ከሰዓት በኋላ እኔንም በሞተችው እህቷ ስም ነው የምትጠራኝ። ስለዚህ ቁርሷን አብልቼ፣ የራሷን ካርታ ፊቷ ዘርግቼ፣ የጻፉልኝን ነገርኳት።

እትዬ፣ ሰውየው የቆመ አይደለም። የተሰቀለ ነው። ቀጥ ብሎ ሲወጣ ከግንድ ላይ በአንድ እግሩ ተንጠልጥሎ፣ ራሱ ወደ ታች ሆኖ ነው የሚታየው። ስሙም ከሥር ነው የሚጻፈው። እርስዎ ስሙን ከራሱ በላይ ስላዩት ተገልብጦ ነው የወጣልዎት ማለት ነው። ለዚህ ነው የቆመ የመሰለዎት።

ሲኞራ እንደምትለው ካርታ ሲገለበጥ ሁልጊዜ ክፉ አይደለም። ጸሐይ ተገልብጣ ብትወጣም ጸሐይነቷ አይቀርም፣ ትዘገያለች እንጂ። የተሰቀለው ሰውዬ ግን የተለየ ነው። ቀጥ ብሎ ሲወጣ «የተጠየቅከውን ስጥ፣ ለጊዜው ትንጠለጠላለህ፣ በኋላ ትድናለህ» ማለት ነው አለች። ተገልብጦ ሲወጣ ደግሞ «የምትሰጠው በከንቱ ነው፣ አትስጥ፣ ጠብቅ» ማለት ነው። ይኸንኑ ሁለት ጊዜ ደግማ ነገረችኝ።

እኔ ምን አውቃለሁ እትዬ። ያለችኝን ነው የጻፍኩልዎ። ሐኪሙንም መስማት ጥሩ ነው። የመኖሪያ ወረቀቴ ገና ስላልተሰጠኝ እንጂ እኔው መጥቼ አጠገብዎ በሆንኩ። ለጋሼ የሚያስፈልግ ነገር ካለ ይጻፉልኝ።

ልጅዎ ሰሎሜ


ጅማ፣ ጊንጆ
ጥር 25 ቀን 1987 ዓ.ም.

ለልጄ ለሰሎሜ፤

የልቤን ሸክም እንዳቀለልሽልኝ ያንቺንም ያቅልልልሽ። ደብዳቤሽ የደረሰኝ ከጥምቀት በኋላ ነው። ፖስታ ቤቱ ሳጥን እየተመላለስኩ ቁልፉ ሊያልቅ ምንም አልቀረው።

«አትስጥ፣ ጠብቅ» የሚለውን ሳነብ እንባዬ መጣ። እኔም ልቤ ይነግረኝ ነበር እኮ። ለጋሼሽ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። የሰውየውን ካርታ ስጪኝ አለና አገላብጦ አየው፣ ከዚያ ትራሱ ሥር ከተተው። «እንግዲህ እንጠብቅ?» አልኩት። «እንጠብቅ» አለኝ። ቀጠሮውን ተውነው።

አሁን እንደሚሆን እንደሚሆን እያደረግን ነው። ቁስሉን በጨው ውኃ አጥባለሁ። መድና ከሰቃ ንጹሕ ማር አስመጥታ ሰጠችኝ፣ እሱን እቀባዋለሁ። «ኦብሲ» ትለኛለች፣ ታገሺ ማለቷ ነው፤ «አላህ አፊያ ያደርገዋል» ትላለች። ጠበሉንም አልተውኩም። ሽታው ግን አለ፣ አልዋሽሽም። ሰው ሲመጣ መስኮቱን እከፍተዋለሁ። እብጠቱም ወደ ቁርጭምጭሚቱ ወጣ ብሏል። ሲድን እንዲህ ያደርገዋል ይሉኛል። ማን እንዳለኝ አትጠይቂኝ፣ ሁሉም ሰው ይላል።

ጫማው አልገባው ስላለ ሰፋ ያለ፣ ቆዳው ለስላሳ የሆነ ጫማ ካገኘሽ ላኪልኝ። ቁጥሩ አርባ ሦስት ነው፣ አንቺ አርባ አራት ግዢ።

ትናንት ለማረጋገጥ ብዬ ካርታውን ከትራሱ ሥር ተቀብዬ ደግሜ ጣልኩ። ያው ሰውዬ ወጣ፣ ያው በአንድ እግሩ ቆሞ። መድና እንኳ ደነገጠች። አጣጣሌን አስተካክዬ እንደሆነ ንገሪኝ ብቻ። ከካርታው ክምር አንሥቼ እንዳለ አላስቀምጠውም። ጋሼሽ ፊት ለፊቴ ይቀመጣል፣ እኔ ወጥ ሳቀርብ ሥጋው ያለበትን ወገን ወደሱ እንደማዞረው ካርታውንም አዙሬ ወደሱ ነው የማስቀምጥለት። ስለሱ አይደል የምጠይቀው? ጀርባ እየሰጡትማ ነውር ነው።

ለሲኞራዋ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። ዕድሜዋን ያርዝመው በይልኝ።

አክስትሽ ቆንጂት


ቶሪኖ
የካቲት 27 ቀን 1987 ዓ.ም.

እትዬ ቆንጂት፤

ሰላምታውን ዛሬ ይለፉኝ። ይኸ ደብዳቤ እንደደረሰዎት ጋሼን ይዘው ሐኪም ቤት ይሂዱ። ቀሪውን መንገድ ላይ ያንብቡት።

ካርታ ወደሚጠየቅለት ሰው አይዞርም። ይኸንን አልጻፍኩልዎትም ነበር፤ የሚጻፍ ነገር መሆኑም አልመጣልኝም። እዚህ የሚጥለው ሰው ወደራሱ እንዳለ ነው የሚያስቀምጠው፣ የሚያነበውም ከራሱ በኩል ነው። እኔም የእኛው ቤት ልጅ ሆኜ ሳለ፣ ትሪ ወደ እንግዳ ሲዞር እያየሁ አድጌ ሳለ፣ እርስዎ ካርታውንም እንደዚያ ያደርጉታል ብዬ አለማሰቤ ይገርመኛል። በመጀመሪያው ደብዳቤዎ ላይ «እንደ ወጉ ወደሱ እያዞርኩ» ብለዋል። አሁን አውጥቼ አየሁት። ያኔ አንብቤ አልፌዋለሁ።

ሲኞራን ጠየቅኳት። መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ለምን እንደምጠይቅ ስነግራት እጄን ያዘችኝ። ሰውየው ለእርስዎ የተገለበጠው ስላዞሩት ብቻ ነው። ከክምሩ የወጣው ቀጥ ብሎ ነው። ጸሐይዋም እንደዚሁ ቀጥ ያለች ነበረች። ካርታው ያለው «ስጥ፣ ትድናለህ» ነው።

እትዬ፣ ካርታ ወረቀት ነው። በወረቀት ባላምን ኖሮ ግን ስለ ካርታ ይኸን ሁሉ ባልጻፍኩ ነበር። ለማንኛውም ሐኪሙ ያለውም ይኸንኑ ነው፣ ሐኪሙን ይስሙ። ቤትዎ ስልክ የለም። ከእናንተ በታች ያለውን መድኃኒት ቤት ቁጥር ከንግስት ተቀብዬ ደጋግሜ ሞከርኩ፣ መስመሩ አይገባም። ጫማውን ባለፈው ሳምንት ልኬዋለሁ። አሁን ሳስበው ከጫማው ይልቅ ይኸ ደብዳቤ በቀደመ እላለሁ።

ሰሎሜ


ጅማ
መጋቢት 3 ቀን 1987 ዓ.ም.

ለልጄ ለሰሎሜ፤

እመቤቴ ጥላ ትሁንሽ። ካንቺ ምንም ሳይደርሰኝ ነው ይኸን የምጽፈው። ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ተቀምጫለሁ፣ ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ስለሆነ ጽሑፌን ታገሽው።

ጋሼሽን ትኩሳት ያዘው፣ መቃዠትም ጀመረ። አብዱልሃዲ፣ የመድና ባል፣ አዝሎ አውጥቶ በሰው መኪና አመጣነው። ሐኪሙ እግሩን ገልጦ አየና እኔን አየኝ። አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። የጣቱ ነገር አልፏል አለ። አሁን ከጉልበት በታች ነው የሚለው፣ እሱም ዛሬ ነገ ሳይባል ከሆነ ነው።

ሲኞራዋን አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቂልኝ። ያ የካርታው ሰውዬ ሁለት ጊዜ «ጠብቅ» ብሎኛል፤ ሁለት ጊዜ። ምናልባት አሁንም መጠበቅ ነው ይሆን? አዎ ወይም አይደለም ብቻ በይኝ፣ ሌላ አልፈልግም። ደብዳቤው ቶሎ እንደማይደርስ አውቃለሁ። ማወቁን አውቃለሁ፣ ግን ማንን ልጠይቅ? ፈርሚ የሚለኝ ወረቀት ፊቴ አለ። እሱ ዓይኑን በከፈተ ቁጥር «ቆንጂት የምትወስነውን» ይላቸዋል።

ቆንጂት


ቶሪኖ
ሚያዝያ 5 ቀን 1987 ዓ.ም.

እትዬ፤

የእርስዎ ደብዳቤና የእኔ መንገድ ላይ ተላልፈዋል። መልሴ ከጥያቄዎ በፊት ተጽፎ ነበር። አሁን የእኔ እንደደረሰዎት እገምታለሁ፤ ባይደርስዎት ምነው እያልኩም እውላለሁ።

ሲኞራ ከሁዳዴ አጋማሽ ጀምሮ አትናገርም። ጠዋትም ቢሆን አትናገርም። ፊቷ ካርታውን ብዘረጋው ጣቷን ታስቀምጥበታለች፣ ከዚያ ታነሣዋለች። ልጇ መጥታ ካርታዎቹን መሳቢያ ውስጥ ቆለፈችባቸው። ስለዚህ የምነግርዎት ነገር የለኝም። በራሴ አፍ ብቻ ልናገር፦ ይፈርሙ። ምን እንደቆረጣችሁ ይጻፉልኝ እንጂ አይደብቁኝ።

ልጅዎ ሰሎሜ


ጅማ፣ ጊንጆ
ግንቦት 9 ቀን 1987 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለሰሎሜ፤

የቤቴ ሰላምታ ይድረስሽ፤ ቤቴ ጎደሎ ቢሆንም ሰላምታው ሙሉ ነው። ሳልጽፍልሽ የቆየሁት ስለተቀየምኩሽ አይደለም። መጀመሪያ ይኸን እወቂልኝ።

ፈርሜያለሁ። የፈረምኩት ግን ያንን ደብዳቤ ፖስታ ቤት ከጣልኩ በኋላ፣ ውዬ አድሬ ነው። ካንቺ መልስ ልጠብቅ አስቤ ነበር፤ ይኸንን ለማንም አልተናገርኩም። ስፈርም ከጉልበት በታች መሆኑ ቀርቶ ከጉልበት በላይ ሆኖ ነበር። የቆረጡለት እዚያ ጋ ነው።

እግሩን በነጠላ ጠቅልለው ሰጡን። አብዱልሃዲ ተሸከመልኝና ቤተ ክርስቲያን ግቢ ጥግ ቀበርነው። ሰው ሲሞት የሚባለውን ሁሉ አውቃለሁ፣ ለእግር የሚባለውን ግን አላውቅም። ጎረቤቱ ሊያጽናናኝ ይመጣና ስለ ዝናቡ አውርቶ ይሄዳል። መድና ብቻ አጠገቤ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ጫማው ደርሷል። ቆዳው እንዳልሽው ለስላሳ ነው፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለቱንም እግር ነው የላክሽው። ያዘዝኩሽም ሁለቱን ነው። ቀኙን ያደርገዋል። የግራውን የት ላስቀምጠው እያልኩ እስካሁን ከነወረቀቱ ወንበር ላይ ነው።

ያ ደብዳቤሽ፣ «ካርታ አይዞርም» ያልሽበት፣ የደረሰኝ እሱ ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ነው። ፖስታ ቤቱ በር ላይ ቆሜ አነበብኩት። አንድ ሰው መጥቶ «እማማ፣ ደህና ነዎት?» እስኪለኝ ድረስ ቆሜ ነበር። ለጋሼሽ አልነግረውም ብዬ ወስኜ ገባሁ። እሱ ደግሞ ፊቴን አየና «ሰሎሜ ናት?» አለኝ። አነበብኩለት። እየተንተባተብኩ እስከ መጨረሻው አነበብኩለት።

ስጨርስ በጣም ይቆጣል ብዬ ነበር የጠበቅኩት። አልተቆጣም። ትራሱ ሥር እጁን ከትቶ ያንን ካርታ አወጣ። ከእሱ በኩል እንደሚታየው አድርጎ አሳየኝ። ሰውየው ራሱ ወደ ታች ነው፣ በአንድ እግሩ ተንጠልጥሏል።

«ከእኔ በኩል መጀመሪያም ተሰቅሎ ነበር» አለኝ።

«ሰሎሜ የተሰቀለ ነው ስትል ሰምተሃል። ቀጥ ካለ ስጥ ማለት ነው ስትልም ሰምተሃል። ለምን ዝም አልከኝ ታዲያ?» አልኩት። ድምፄን ከፍ አድርጌበታለሁ፣ አልክድሽም።

«አንቺ በኩል ቆሞ ነበር» አለኝ። «ቆሟል ስትዪ ደስ ብሎሽ ነበር። እኔም ብሆን መቆሙን ወደድኩት።»

አብረን አንድ ካርታ እያየን፣ እኔ የቆመ ሳይ እሱ የተሰቀለ እያየ፣ ተስማምተን ጠበቅን። አንቺ ራስሽን እንዳትወቅሺ። እኔም ራሴን እንዳልወቅስ መድና ትመክረኛለች፣ ግን እሺ አይለኝም። ካርታውን ምድጃ ውስጥ ጨመርኩት። ያንን አንዱን ግን ጋሼሽ አልሰጥም አለ።

ቁስሉ ገና አልዘጋም። የቀኝ እግሩ ትንሿ ጣት ደግሞ ቀለሟ አላማረኝም። ነገ ሐኪም ቤት ይዤው እሄዳለሁ፤ ማንንም አልጠየቅኩም። «ምን ይሻላል?» ስለው አሁንም «ቆንጂት የምትወስነውን» ነው የሚለኝ።

ትናንት ምሳ ሳቀርብ ትሪውን ይዤ ቆምኩ። ወዴት እንደማዞረው ጠፋኝ። በኋላ እንደ ወትሮው ሥጋው ያለበትን ወደሱ አዙሬ አስቀመጥኩለት። እሱ ደግሞ ትሪውን በሁለት እጁ ይዞ መልሶ ወደ እኔ አዞረው። እኔም ወደሱ መለስኩት። እንዲህ ስንባባል ወጡ ቀዘቀዘ።

ሲኞራዋን በዚያው በዝምታዋ እግዚአብሔር ያሳርፋት። አንቺንም ወረቀትሽን ሰጥቶ ለዓይናችን ያብቃሽ። ስትመጪ ጋሼሽን አልጋው ላይ ነው የምታገኚው፤ ዘለሽ እንዳታቅፊው፣ ቀስ ብለሽ ግቢ።

አክስትሽ ቆንጂት